የጋራ የድራም ፋይል ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። ጠቅላላ ስብሰባው ላይ የተባለውን ነው ያሰፈርኩት። የሙዚቀኞች ማህበራችን ለኪቦርዲስት አባላት በሙሉ የሚሆን፣ ኪቦርዱ በራሱ የሚያጫውተው አንድ የድራም ፋይል ስብስብ ያዘጋጃል። 40 ሪትም። አንዱ ሲታመም ሌላው ፍላሹን ሰክቶ መድረኩን እንዲይዝ። ወጪው ከመዋጮው ነው። አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
ፋይሉ በምን ዓይነት ይቀመጥ የሚለው የለም። የአንዱ ካምፓኒ ስታይል፣ ማለትም የምት ፋይሉ፣ በሌላው ኪቦርድ አይከፈትም። ስታንዳርድ ሚዲ ፋይል ይሁን፣ ድምፁን ሳይሆን የትኛው ምት መቼ እንደሚመታ የሚይዘው፤ ታይፕ 0 (ሁሉም በአንድ ትራክ)፣ ድራሙ ቻናል 10 ላይ። እያንዳንዱ ድምፅ ቁጥር አለው፦ ኪክ (ትልቁ ከበሮ) 36፣ ስኔር (ትንሹ ከበሮ) 38፣ ዝግ ሃይሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሳህን) 42፣ ክፍት ሃይሃት 46። ጄኔራል ሚዲ (ጂኤም)፣ የኪቦርዶች የጋራ ደንብ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ቁጥሩ ይሄ ነው። እኛ አዲስ የምንፈጥርበት ምክንያት የለም።

ብቻዬን የምሠራው ኪቦርዲስት፦
ይሄ ልክ ነው፣ ግን ኪቱም፣ የድራም ድምፆቹ ስብስብ፣ ይጻፍ። ወርክስቴሽን የሚባሉት ትልልቅ ኪቦርዶች የራሳቸውን ኪት ሲጠሩ አሰላለፉ ይለያል። ስኔር ባልነው ቦታ ሌላ ነገር ይጮሃል። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የጂኤም ኪት የሚጠራ ፕሮግራም ቼንጅ (የድምፅ መምረጫ ትዕዛዝ) ይግባበት።

ሌላው ደግሞ፣ እባካችሁ ሁሉንም ምት ቬሎሲቲ (የምቱ ጥንካሬ) 100 ላይ አትደርድሩት። ሃይሃቱን 90፣ 55፣ 75፣ 55 አድርጋችሁ ስሙት። ሰው የመታው ይመስላል። ኳንታይዙም፣ ምቱን ልክ ቦታው ላይ የሚያስቀምጠው፣ እስከ ጥግ አይሁን። የመጀመሪያዎቹን 10 ሪትሞች እኔ እሠራለሁ። እሁድ ይደርሳል።

መሥራች አባል፣ ድራመር፦
ማህበሩ ሲመሠረት ድራመሮችም እኩል ከፍለናል። አሁን በእኛው መዋጮ እኛን የሚያስቀር ፋይል ሊሠራ ነው? አልፈርምም።

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድራመር ለሌለበት ሥራ ነው። ሁለት ሰው ብቻ በሚወጣበት መድረክ። እርስዎ ባሉበት ማን ፋይል ይከፍታል?

መሥራች አባል፣ ድራመር፦
መጀመሪያ ላይ ሁሌም እንደዚህ ነው የሚባለው።

ድምፃዊት፦
ከዓርብ በፊት አንድ ነገር ብቻ። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የሚሰማው ቆጠራ በስቲክ፣ በድራም እንጨት ድምፅ፣ ይሁን። ካውቤል፣ የብረት ቃጭሉን፣ አልፈልግም። ጆሮዬ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ቃናውም ከዘፈኑ ቁልፍ ጋር ይጋጭብኛል።

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
ስቲክ አይሆንም። የስቲክ ቁጥር 31 ነው። መጀመሪያ የወጣው ጄኔራል ሚዲ ከ35 ይጀምራል፣ 81 ላይ ያበቃል። 31 የገባው በኋላ ነው። ቆየት ያለ ኪቦርድ ላይ ቆጠራው ዝም ይላል።

ካውቤል 56 ነው። የትም ብትሄዱ ይጮሃል።

ድምፃዊት፦
የትም መጮሁ እኮ ነው ችግሩ።

ቤዚስት፦
ቆጠራ ለምን አስፈለገ? ሲንክ ስታርት አለ አይደል?

ብቻዬን የምሠራው ኪቦርዲስት፦
ሲንክ ስታርት ለእኔ ለብቻዬ ይሠራል። ግራ እጄ ኮርዱ ላይ ሲያርፍ ድራሙ አብሮ ይነሳል። አንተ ግን እጄ መቼ እንደሚያርፍ በምን ታውቃለህ? አገጬን እያየህ?

ቤዚስት፦
ስንት ዓመት በአገጭ ተጫውተናል።

ድምፃዊት፦
አንተ ተጫውተሃል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቆመው።

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
ለምን እንደምከራከር ልንገራችሁ። በሌላ ሰው ኪቦርድ ልተካ ሄድኩ። ፋይሉ የራሴ ነው፣ ቤት ሃያ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ቆጠራው በስቲክ ነበር። ስታርት ነካሁ። ዝም። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ቁጥሩ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። አልተነሳም ብዬ ድጋሚ ነካሁት፣ ቆመ። ሦስተኛ ስነካው ድምፃዊው በራሱ ጀምሮ ነበር። ድራሙ አንድ ባር ዘግይቶ ገባ፣ እስከ መጀመሪያው አዝማች ድረስ እያባረርነው ሄድን። ሰው ሁሉ ያየው እኔን ነው። ያን ቀን ስቲክ በቃኝ።

መሥራች አባል፣ ድራመር፦
ድራመር ቢኖር ስቲኩ ይሰማ ነበር።

ሳውንድ ማን፦
37 አድርጉት። ሳይድ ስቲክ ነው፣ የስኔሩ ጠርዝ በእንጨት ሲመታ፤ ከ35 በላይ ስለሆነ ሁሉም ጋ አለ። ድምፁም እንጨት እንጨት ይላል።

ድምፃዊት፦
በዚህ እስማማለሁ።

ቤዚስት፦
እኔ አልስማማም። ቀስ ያለ ዘፈን ላይ ስኔሩ ራሱ ሳይድ ስቲክ ነው። ቆጠራው የት አልቆ ምቱ የት እንደጀመረ በምን ይለያል?

ሳውንድ ማን፦
ቆጠራው ላይ ጠንከር አድርጎ 120፣ ምቱ ላይ 70። አበቃ።

ቤዚስት፦
ቬሎሲቲውን ጮክታ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ኪት አለ። ያው እንጨት ነው፣ ትንሽ ጮክ ያለ እንጨት።

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
ስለዚህ ካውቤል።

ድምፃዊት፦
ስለዚህ እኔ ስሜን ከረቂቁ አወጣለሁ። ከአባላቱ ግማሹ ድምፃዊ ነው፣ ኪቦርዲስት ብቻ ተቀምጦ ይወስናል።

ጸሐፊ፦
16 መልእክት ስለ ቆጠራ ተጻፈ። ስለ 40ዎቹ ሪትሞች አንድም። የትኞቹ ይግቡ? 6/8 ስንት ይሁን? ፊል፣ የማሸጋገሪያው ምት፣ በየስንት ባር? እባካችሁ ወደ ዋናው እንመለስ።

ብቻውን የሚሠራው፣ 10ሩን ጀመርካቸው?

ቤዚስት፦
6/8 ካነሳህ አይቀር፣ ቴምፖው (ፍጥነቱ) በምን ይጻፍ? ኪቦርዱ ኳርተር (ሩብ ኖት) ነው የሚቆጥረው። እኛ ግን በትልቁ ምት ነው የምንቆጥረው፣ በባር ሁለት። እኔ 80 ስላችሁ ኪቦርዱ ላይ 120 ነው። አንዱ 80 ብሎ ካስገባው ዘፈኑ ወደ 53 ይወርድና ይተኛል። ፋይሉ ስም ላይ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍ።

ድምፃዊት፦
ቆጠራውስ? በ6/8 ስድስት ሊቆጥር ነው ሁለት?

ሳውንድ ማን፦
ሁለት። ስድስት ከቆጠረ ጆሮ ይጠፋበታል።

ድምፃዊት፦
በ80 አንድ ባር 1.5 ሰከንድ ናት። ትንፋሽ ለመሳብ አትበቃም። 2 ባር ይሁን፣ 3 ሰከንድ። ተመልካቹ ግን ይሄን ሁሉ ቁጥር ለምን ይስማ? በየዘፈኑ ካውቤል እየሰማ ሊያመሽ ነው? ልምምድ ቤት ያለን ነው የሚመስለው።

ሳውንድ ማን፦
ይሄን ነበር ስጠብቅ የነበረው። ቆጠራው ወደ ስፒከር መውጣት የለበትም። ለብቻው ይውጣና ሞኒተር ወይም ሄድፎን ላይ ብቻ ይሰማ። ያኔ ካውቤልም ይሁን ጡሩምባ ማንም አይጨቃጨቅም።

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
የኔ ኪቦርድ ሁለት አውት (የድምፅ መውጫ) ነው ያለው፣ ግራና ቀኝ። ግራውን ለቆጠራ ከሰጠሁ ፒያኖዬ ሞኖ ይሆናል።

ሳውንድ ማን፦
መድረክ ላይ ሞኖ ቢሆን ምን ትሆናለህ? እኔ ያለዚያም ሞኖ ነው የማወጣው። ተመልካቹ ግማሹ ግራው ስፒከር ሥር ነው የሚቀመጠው፣ የቀኙን የት ሰምቶት? ቆጠራውን ግራ ጥግ ፓን አድርግ፣ ሌላውን ሁሉ ቀኝ ጥግ። ሪቨርቡን፣ የማስተጋባት ኤፌክቱን፣ አጥፋ፣ ካልሆነ በኤፌክቱ በኩል ቆጠራው ወደ ቀኝ ሾልኮ ይወጣል። 3 እና 4 አውት ያለው ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ቆጠራውን እዚያ ላክ፣ ፒያኖህ አይነካም።

ድምፃዊት፦
ሄድፎኑን ማን ይገዛል?

ገንዘብ ያዥ፦
ዝም ያልኩት ይሄ እስኪመጣ ነበር። መዋጮው የተፈቀደው ለፋይል ዝግጅት ነው። ዕቃ ለመግዛት አይደለም።

ሳውንድ ማን፦
ፋይል ማዘጋጀት ምን ያስወጣል? ፍላሽ ነው። እሱም ፋት 32 ፎርማት የተደረገ ትንሽ ፍላሽ፣ ትልልቆቹን የድሮዎቹ ኪቦርዶች አያነቡም። የተረፈው ብር ድምፁን ለአራት ሄድፎን የሚያከፋፍል አንድ ሄድፎን አምፕ ለመግዛት ይበቃል።

መሥራች አባል፣ ድራመር፦
አራት ሰው የሚሰማበት ከሆነ አንዱ ቀዳዳ ለድራመር ይሁን። ኪቦርዲስቱ ሌላ ነገር በፋይል እያስኬደ እኔ የምመታበት ሥራ አለኝ። ክሊኩን፣ ምት ጠባቂውን ድምፅ፣ ካልሰማሁ በሁለተኛው ዘፈን እንለያያለን። እንደዚህ ተብሎ ከተጻፈ እፈርማለሁ።

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
ጋሼ፣ ይጻፋል። ቀደም ሲል ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሆነ ይቅርታ።

መሥራች አባል፣ ድራመር፦
እኔም ተናድጄ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ሃይሃቱን በጣት ፓድ ላይ ከምትመቱት እኔን ጥሩኝ። ሚዲ ፓድ ካለ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመታላችኋለሁ፣ ቬሎሲቲው በራሱ ይገባል። ክፍቱን ሃይሃት ዝጉ ሲቆርጠው ግን አረጋግጡ። ሳይቆረጥ ሲቀር ከሩቅ ያስታውቃል፣ ዝናብ በቆርቆሮ ነው የሚመስለው።

ጸሐፊ፦
ይሄ ጥሩ ነው። ብቻውን የሚሠራው፣ ፓድ አለህ አይደል? ከጋሼ ጋር ተደዋወሉ። እሁድ ነገ ነው።

ጸሐፊ፦
ብቻውን የሚሠራው?

ገንዘብ ያዥ፦
ስልኩም አይነሳም። ዛሬ ሰኞ ነው። እኔ መዝገቡን መዝጋት አለብኝ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ እስካሁን የተስማማንበትን ጽፌዋለሁ። ማህበሩ አንድ ባለ አራት መውጫ ሄድፎን አምፕ ከገመዱ ጋር ይገዛል። ቆጠራ ለብቻው በግራ አውት ይወጣል፣ ድምፁ ካውቤል 56፣ ርዝመቱ 2 ባር። በ6/8 ፋይሎች ስም ላይ ሁለቱም ቴምፖ ይጻፋል። ዕቃው በተራ ይያዛል። 40ው ሪትም ለሁለተኛ ዙር ይቆይ፣ የሚሠራ ሰው ሲገኝ። ማን ተቃወመ?

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
ስብሰባው የፈቀደው ሪትሙን ነበር። እኔ ስታመም የሚተካኝ ሰው ሄድፎን አድርጎ ምን ሊጫወት ነው?

ጸሐፊ፦
የሚሠራው ሰው ጠፋ። አንተ ትሠራዋለህ?

የማታው ባንድ ኪቦርዲስት፦
በዚህ ወር አልችልም። በየማታው ሥራ ነኝ።

ድምፃዊት፦
እኔ ተስማምቻለሁ።

መሥራች አባል፣ ድራመር፦
እኔም።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ፣ ነገ ልግዛ። ገመዱ ስንት ሜትር ይሁን?

ሳውንድ ማን፦
5 ሜትር።

ድምፃዊት፦
5 አይደርሰኝም። እኔ ፊት ነው የምቆመው። 10 ይሁን።

ሳውንድ ማን፦
10 ሜትር ሰው ይጠልፋል።

ቤዚስት፦
ገመድ አልባ የሆነ አይሻልም?