የሙቀት ሴንሰሩ ገመድ ከተቀየረ ወዲህ ሙቀቱን በ4 ዲግሪ አስበልጦ ያነባል፣ ትራንስሚተሩ ነው ወይ የተበላሸው?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ጀመዓ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሰራው። ማቅለሚያው ታንከር ላይ ያለውን የፒቲ 100 ሴንሰር ገመድ አይጥ በልቶት በሌላ ተቀየረ፣ ከዛ ወዲህ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር እዛው ጎኑ ከተሰካው ባለቀስት ቴርሞሜትር በ4 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ትራንስሚተሩ ፓናል ውስጥ ነው፣ ከታንከሩ 30 ሜትር ይርቃል። አለቃችን ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ላይ 4 ቀንሱለትና ይለፍ ይላል፣ ለኔ ግን አልዋጥልኝ አለ ምክንያቱም ቀለሙ የሚይዘው በሙቀቱ ነው። ትራንስሚተሩ ራሱ ምን እንደሚሰራና ለምን ከ4 ሚሊአምፕ እንደሚጀምርም የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ደሴ ኢንስትሩመንት፦
አብሽር ወንድሜ፣ ትራንስሚተሩ ደህና ነው። ስራው የሴንሰሩን ኦህም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ወደ ሚሊአምፕ ከረንት ቀይሮ ለፒኤልሲው መላክ ነው። አዲሱ ገመድ ስንት ሽቦ ነው? ሴንሰሩ ሁለት ቀይ አንድ ነጭ ሆኖ ገመዱ ባለ2 ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ፒቲ 100 ፕላቲኒየም ነው፣ በ0 ዲግሪ 100 ኦህም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦህም፣ ማለትም ለአንድ ዲግሪ 0.385 ኦህም ብቻ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ የገመዱ የራሱ ኦህም ሲደመርበት ትራንስሚተሩ ሙቀት የጨመረ ይመስለዋል።

የማታ ሺፍት፦
ልክ ነህ ባለ2 ነው፣ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር፣ ትራንስሚተሩ ጋ የሶስተኛውን ሽቦ ቦታ በጃምፐር (በአጭር ሽቦ) አገናኝተውታል።

ደሴ ኢንስትሩመንት፦
በቃ ተገኘ። 0.75 መዳብ 30 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 1.5 ኦህም ገደማ ነው፣ ለ0.385 አካፍለው፣ ያው 4 ዲግሪህ። ሶስተኛው ሽቦ የሚዘረጋው ትራንስሚተሩ የገመዱን ኦህም ለይቶ እንዲቀንሰው ነው፣ ሶስቱም እኩል ርዝመትና ውፍረት ሲኖራቸው ነው ሂሳቡ የሚሰራው፣ ጃምፐሩ ግን ገመዱ ኦህም የለውም ብሎ ይነግረዋል። ፒኤልሲ ላይ 4 መቀነሱን እኔም አልደግፈውም፣ ነገ ተርሚናሉ ዝጎ ኦህሙ ሲጨምር እንደገና ትሳሳታላችሁ። ባለ3 ዘርጉ፣ ከተቻለም ትራንስሚተሩን ሴንሰሩ ራስ ላይ አድርጉት፣ እሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም ኦህሙን እዛው ወደ ሚሊአምፕ ቀይሮ ይልከዋል፣ ከረንት ደግሞ በመስመሩ ሁሉ አንድ ስለሆነ 24 ቮልቱ እስከበቃ ድረስ የገመዱ ርዝመት አይለውጠውም።

ሲግናሉ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ ነው፣ ከ4 የሚጀምረው ለሁለት ነገር ነው። በነዛው ሁለት ሽቦዎች ትራንስሚተሩ ራሱ ኃይል ያገኛል፣ እና ደግሞ 0 ካየህ መስመሩ እንደተቆረጠ ወዲያው ታውቃለህ። ሴንሰሩ ራሱ ሲበጠስ ግን ብዙዎቹ ትራንስሚተሮች እንደ ሴቲንጋቸው ወይ ከ3.6 በታች ይወርዳሉ ወይ ከ21 በላይ ይወጣሉ።

የቦይለር ልጅ፦
ጥሩ ተብሏል፣ እኔ የምጨምረው አረጋግጡ ነው። በፈላ ውሃ ስትፈትሹ 100 እንዳትጠብቁ፣ ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ94 ገደማ ነው፣ ደሴ ደሞ ወደ 92 ይወርዳል። ይሄን የማያውቅ ሰው ደህናውን ትራንስሚተር ነካክቶ ያበላሸዋል። የተፈጨ በረዶ በውሃ ካገኛችሁ ግን የትም ቦታ 0 ነው። የትራንስሚተሩ ሬንጅ (የሚለካው ሙቀት) ከ0 እስከ 200 ዲግሪ ከሆነ በበረዶው 4 ሚሊአምፕ፣ በ94 ደግሞ 11.5 ገደማ ማንበብ አለባችሁ።

የማታ ሺፍት፦
አላህ ይስጣችሁ። መልቲሜትሩን የት ነው የማስገባው?

የቦይለር ልጅ፦
አንዱን ሽቦ ከትራንስሚተሩ ፈተህ መሀል ላይ፣ በተርታ። ሚሊአምፕ ላይ አድርገህ ቀጥታ 24 ቮልቱ ላይ ከደረብከው የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል። መጀመሪያ ግን ኦፕሬተሩን አስጠንቅቅ፣ ሉፑን (የሚሊአምፑን መስመር) ስትፈታ ፒኤልሲው ሙቀቱ የወረደ መስሎት ስቲሙን ሊከፍተው ስለሚችል ቫልቩን ማኑዋል ላይ ያድርገው።