«ሰቨን ይበቃል»፦ የአሮጌ ኮምፒውተር ክርክር

ቱሉ ዲምቱ፦ እዚህ ሰፈር አንድ ጥገና ቤት በሩ ላይ «ዊንዶውስ ኤክስፒ እና ሰቨን አንጭንም፤ ቴን ብቻ» ብሎ ለጥፏል። ሳነበው ደሜ ፈላ። እኔ ቤት ያለው ስላሽ (ያገለገለ) ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 ነው። ፕሮሰሰሩ የድሮው ኮር ቱ ዱዎ፣ 2 ጊጋ ራም። ልጆቼ ወርድ ይጽፋሉ፣ ፒዲኤፍ ያነባሉ፣ አለቀ። ለቤት ሰቨን ይበቃል። ማን ስለሆነ ነው ማሽኔን የሚያንቀራፍፍብኝ?

የካ አባዶ፦ «ይበቃል» ስትል ለምኑ? ማይክሮሶፍት ለተራ ተጠቃሚ ሰቨንን የተወው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2020 ነው። ክሮም ብሮውዘርም 109ኛው ቨርዥን ላይ ጥሎት ሄዷል። ነገ አንድ ድረ ገጽ አልከፍት ሲልህ «ኔትወርኩ ነው» ብለህ ልትራገም ነው።

ቱሉ ዲምቱ፦ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት አለው ያለህ ማነው? ለኢንተርኔት ስልክ አለን።

የካ አባዶ፦ ፒዲኤፉ ታዲያ ከሰማይ ወረደ? በፍላሽ ነው የሚመጣው። ፍላሹ ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት። ከዚያ በኋላ ያለውን ራስህ ታውቀዋለህ።

ቱሉ ዲምቱ፦ ፍላሽ ገና ሲሰካ ቫይረሱን በራሱ የሚያስነሳው ኤክስፒ ነበር። ሰቨን ያንን አቁሟል።

የካ አባዶ፦ ልክ ነህ፣ በራሱ አያስነሳም። ቫይረሱ ፋይል አስመስሎ ያስቀመጠውን ሾርትከት ሁለቴ ተጭኖ የሚያስነሳው ልጅህ ነው። ይበቃል!

የጀሞው ጠጋኝ፦ እስቲ ተረጋጉ። ወረቀት ላይ ከሆነ ሰቨንም ቴንም የሚጠይቁት ራም እኩል ነው፤ ለ32 ቢት 1 ጊጋ፣ ለ64 ቢት 2 ጊጋ። በተግባር ግን ሌላ ነው። ቴን ገና ከመነሳቱ አፕዴት ይፈልጋል፣ ዲፌንደር የሚባለው የራሱ ጸረ ቫይረስ ፍተሻ ይጀምራል። ታስክ ማናጀር ክፈቱና ዲስክ የሚለውን አምድ እዩት። 100 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ ይቆያል። ማውዙ ይሄዳል፣ የተጫናችሁት ነገር ግን አይከፈትም። ገዳዩ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ አስገቡለት፣ ራሙን 4 አድርጉት፣ ቴን ይሄዳል። በ2 ጊጋና በድሮ ሃርድ ዲስክ ቴን የሚጭን ሰው አዛኝ አይደለም።

ቱሉ ዲምቱ፦ ተባረክ! ሰማህ የካ አባዶ?

የካ አባዶ፦ «ኤስኤስዲ አስገቡ» ነው ያለው። ግማሹን ብቻ አትስማ።

ቱሉ ዲምቱ፦ የኤስኤስዲውን ብር ላክልኛ።

የሰበታዋ ጸሐፊ፦ እናንተ በሰቨንና በቴን ትጣላላችሁ፣ እኔ ዛሬም ኤክስፒ ላይ ነኝ። ኦፊስ 2007፣ አማርኛ የምጽፍበት ፓወር ግዕዝ፣ ፕሪንተር። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው እጄን እያየ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ፤ አፕዴት እስኪያልቅ ቁጭ በል ልበለው?

የካ አባዶ፦ እህቴ፣ ኤክስፒ እኮ የ2001 ነው፤ ድጋፉም በ2014 ቆሟል። በየቀኑ የስንቱ ሰው ፍላሽ ይሰካበታል! ቫይረሱን በምን ታቆሚዋለሽ?

የሰበታዋ ጸሐፊ፦ በጸሎት። የሾርትከት ቫይረስ ከሆነ ሲኤምዲ የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍቼ አትሪብ የሚል ትእዛዝ ጽፌ የተደበቀውን ፋይል አወጣለሁ። አንተ ቴን ላይ ሆነህ ይዞህ አያውቅም?

የካ አባዶ፦ ወሬ አትቀይሪ።

ጋሼ ከቡራዩ፦ ልጄ፣ ኤክስፒን አልወቅስም፣ ጠንካራ ነበር። ግን የአማርኛ ድረ ገጽ ስከፍትበት ሳጥን ብቻ ነበር የሚደረድርልኝ። ንያላ የሚባለው ፊደል አብሮ መምጣት የጀመረው ከቪስታ ነው። ሰቨን ላይ ምንም ሳልጭን ጋዜጣዬን አነባለሁ። ዩኒኮድ ባልሆነው፣ ሌላ ኮምፒውተር በማያውቀው የድሮ ፊደል የጻፍሽውን ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ትርምስምሱ ይወጣል።

የሰበታዋ ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ የኔ ደንበኛ ፋይል አይደለም የሚወስደው፣ ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ ፊደል አይተረማመስም።

ፔንግዊን፦ ሁላችሁም በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ብትጭኑ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ የለም። ነፃ ነው፣ ክራክ (ሳይከፍሉ ቁልፉን መስበር) አይፈልግም።

የጀሞው ጠጋኝ፦ መጣ ደግሞ።

የሰበታዋ ጸሐፊ፦ ፓወር ግዕዝ ይሠራበታል?

ፔንግዊን፦ ሌላ የአማርኛ ኪቦርድ አለው።

የሰበታዋ ጸሐፊ፦ እሱን አልጠየቅኩህም።

ጋሼ ከቡራዩ፦ እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ሰሞኑን ሁሉም ድረ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይለኛል። ሰቨን ስላረጀ ነው አሉኝ።

የካ አባዶ፦ ይኸው! ይበቃል ላላችሁት።

የጀሞው ጠጋኝ፦ ቆይ ቆይ። ጋሼ፣ ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱን ይዩልኝ። ስንት ዓመት ይላል?

ጋሼ ከቡራዩ፦ 2008። ሲነሳም ኤፍ 1 ተጫን ይላል።

የጀሞው ጠጋኝ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ብለው ይግዙ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ብሮውዘሩ የድረ ገጹን ሰርተፍኬት አይቀበልም። ቴን ቢጭኑም ያው ነው።

ጋሼ ከቡራዩ፦ ለዚሁ ችግር አንዱ ጋ ወስጄው ፎርማት አድርጎ አስከፈለኝ እኮ! የልጄ የምርቃት ፎቶም አብሮ ጠፋ።

ቱሉ ዲምቱ፦ «ቴን ብቻ» የሚሉት እነዚሁ ናቸው። የካ አባዶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቴንስ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቶለት የለም? ታዲያ በሩ ላይ «ቴን አንጭንም» ብሎ ለምን አይለጥፍም?

የካ አባዶ፦ የደህንነት አፕዴቱ ለተመዘገበ ሰው እስከ ኦክቶበር 2026 ተራዝሟል።

ቱሉ ዲምቱ፦ ለተመዘገበ! ያንተ ቴን ክራክ መሆኑን ሰፈር ያውቃል፤ ማን ብለህ ልትመዘገብ ነው?

የካ አባዶ፦ ያንተ ሰቨን በደረሰኝ የተገዛ ነው?

ፔንግዊን፦ ሚንት ክራክ አይፈልግም ብያለሁ።

የጀሞው ጠጋኝ፦ ዊንዶውስ ኢለቨን ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ካልኖረ ይላል። በጓሮ በር እናስገባዋለን ብትሉ እንኳ ከ24ኤች2 ቨርዥን ወዲህ ያለው ኮር ቱ ዱዎ ላይ ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ እሱን እርሱት። ቴን ያላችሁ ግን ዋይፋዩን ሴቲንግ ውስጥ ሚተርድ (ዳታው የሚቆጠር) አድርጉት፤ ካልሆነ ፓኬጃችሁን ሌሊት ጠጥቶ ያድራል።

ጋሼ ከቡራዩ፦ እሺ፣ ባትሪውን ገዛሁ እንበል። ልጄ ራሙን 4 ላድርግልህ፣ ቴንም ልሞክርልህ ይለኛል። 32 ቢት ይሁን 64?

የጀሞው ጠጋኝ፦ 32። የድሮ ፕሪንተርዎ ድራይቨር 64 ላይ ላይገኝ ይችላል።

የካ አባዶ፦ 64! 32 እኮ 4ቱንም ጊጋ አሟጦ አይጠቀምም።

የጀሞው ጠጋኝ፦ ለምትጎድል ትንሽ ራም ብለው ፕሪንተር ይጣሉ?

የካ አባዶ፦ ፕሪንተር አለኝ ብለዋል?

ጋሼ ከቡራዩ፦ አለኝ፣ ግን ቀለሙ አልቋል።