ወንድሜ የሌለውን አክሲዮን ሸጦ አካውንቱ "−60" ይላል፤ ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)፣ እሁድ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። በስልኩ አፕ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። እኔ አካውንቲንግ ስለተማርኩ ትላንት ማታ ደወለልኝ። ነገሩ ግን እኔም ከማውቀው ወጣ ያለ ሆነብኝ።

የአንድ ኩባንያ 60 አክሲዮን ነበረው። ዋጋው ቢወድቅ እንዳይከስር ብሎ "38 ዶላር ከነካ ሽጥልኝ" የሚል አውቶማቲክ ትዕዛዝ አስቀምጦ ነበር። ከዚያ ዋጋው 44 ሲገባ ራሱ ሁሉንም ሸጠ። የድሮውን ትዕዛዝ ግን አልሰረዘውም። ዓርብ ዕለት ዋጋው ወርዶ 38 ሲነካ ትዕዛዙ ተነሳና ሌላ 60 ሸጠ። የሌለውን አክሲዮን ማለት ነው። ገበያው ሲዘጋ ዋጋው ተመልሶ 40.50 ሆኗል።

የስክሪኑን ፎቶ ልኮልኛል። ከኩባንያው ስም ትይዩ በቀይ "−60" ይላል። ከላይ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ 4,920 ዶላር። እሱ ይሄን አይቶ ደስ ብሎታል። "ከገባ ገባ ነው፤ ለእማዬ ቤት ቆርቆሮ ከዚሁ 2,500 ልላክ" ይላል። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው መቀየር አለበት፣ እውነት ነው። እኔን ግን ያ ማይነስ እንቅልፍ ነሳኝ። ገንዘቡ የሱ ነው? ወንጀልስ ይሆንበታል? አሁን ምን ያድርግ?

መልስ፦ ጣና ዳር (ባህር ዳር)

እህት ዓለም፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ከሁሉ በፊት አሁኑኑ ደውዪለትና ገንዘቡን እንዳይነካ ንገሪው። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ሂሳቡን ለያይተሽ እዪው። 60 በ44 ሲባዛ 2,640 ዶላር ነው፤ ይሄ የራሱ ነው። 60 በ38 ደግሞ 2,280፤ ይሄ የሱ አይደለም። ብሮከሩ (በአፑ የሚያገበያየው ድርጅት) ለገዢው የሚያስረክበውን አክሲዮን ከሌላ ቦታ ተበድሮለታል። ስለዚህ ወንድምሽ ዕዳ አለበት። ዕዳው ደግሞ ዶላር አይደለም፣ 60 አክሲዮን ነው። ልብ በይ፣ ዶላር ቢሆን ኖሮ 2,280 መልሶ ይገላገል ነበር። አክሲዮን ስለሆነ ግን ዋጋው በተቀየረ ቁጥር ዕዳው ይቀየራል። ዓርብ መዝጊያ ላይ ዕዳው 2,430 ደርሷል። 150 ዶላር ከስሯል ማለት ነው።

አሁን 2,500 ቢያወጣ አካውንቱ ላይ 2,420 ይቀራል። ዕዳው 2,430። ብሮከሩ ያንን ይፈቅዳል ብዬ አላስብም። ቢያልፍለት ግን ሰኞ "ገንዘብ አስገባ" ይባላል፤ ካላስገባ ራሳቸው 60ውን ገዝተው ዕዳውን ይዘጉበታል።

የሚያደርገው ይሄ ነው። መጀመሪያ ገና ያልተፈጸሙ ትዕዛዞች የሚታዩበት ገጽ ገብቶ የቀረ ካለ ሁሉንም ይሰርዝ። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ለወራት ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል። ከዚያ ገበያው ሲከፈት በትክክል 60 ይግዛ። አንዳንዱ አፕ "ባይ ቱ ከቨር" (ዕዳውን ለመዝጋት መግዛት) የሚል ቁልፍ አለው፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ "ግዛ" ነው የሚለው። በድንጋጤ "ሽጥ" ከተጫነ −120 ይሆናል፤ እባካችሁ አንብቦ ይጫን። የኒውዮርክ ገበያ በዚህ ወራት በኛ ሰዓት ከቀኑ 10፡30 ተከፍቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይዘጋል።

መልስ፦ የቡሬው ነጋዴ

ልጄ፣ የአሜሪካውን ሌሎቹ ይንገሩሽ። እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ። መጋዘኔ ባዶ ሆኖ ሳለ 60 ኩንታል በቆሎ በዛሬ ዋጋ ሸጬ ብሩን ተቀበልኩ እንበል። በቆሎ ቢረክስ አተረፍኩ። ቢወደድ ግን ከየትም አምጥቼ ማስረከብ ግዴታዬ ነው። መርከስ ዜሮ ላይ ይቆማል፤ መወደድ ግን ማቆሚያ የለውም። ለወንድምሽ በበቆሎ ንገሪው፤ የኛው ልጅ ነው፣ ቶሎ ይገባዋል።

መልስ፦ ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

እኔ ግን ለምን ይቸኩላል እላለሁ። አንዴ 38 የወረደ ነገር ነገም ሊወርድ ይችላል። 35 ቢገባና ያኔ ቢገዛ 180 ዶላር ትርፍ ነው እኮ።

መልስ፦ የደጀን ልጅ (ዳላስ)

ዳሞት ወንድሜ፣ ሂሳብህ ልክ ነው፤ ምክርህ ግን ሰው ያስከስራል። እሱ ዋጋው ይወርዳል ብሎ አጥንቶ የገባበት ነገር አይደለም። ሳያስበው የገባበትን ነገር በተስፋ መያዝ ቁማር ነው። የጌምስቶፕን አክሲዮን አስታውስ። ጃንዋሪ 2021 ሲጀምር 20 ዶላር አይሞላም ነበር። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን 483 ዶላር ነክቷል። ያኔ 60 ሾርት የያዘ፣ ማለት የሌለውን አክሲዮን ተበድሮ የሸጠ ሰው፣ 1,200 ዶላር የማይሞላ ነገር ሸጦ ለመመለስ ወደ 29,000 ዶላር ሊያስፈልገው ነበር። ሁሉም አክሲዮን እንዲህ አይሆንም። ግን የትኛው እንደሚሆን ማንም ቀድሞ አይነግርህም።

እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ወንጀል አይደለም፣ አይዞሽ። ሾርት መሸጥ እዚህ ሕጋዊ ነው። ችግር የሚመጣው ሰው አክሲዮኑ አለኝ ብሎ ዋሽቶ፣ ሆን ብሎ ሳያስረክብ ሲቀር ነው። ወንድምሽ ያለበት ዕዳ ብቻ ነው።

ትዕዛዙ ለምን አለፈ ካልሽ፣ አካውንቱ "ማርጂን" የሚባለው፣ ከብሮከሩ ተበድሮ መገበያየት የሚያስችለው፣ ስለሆነ ነው። ተራው የጥሬ ገንዘብ አካውንት ቢሆን ኖሮ ውድቅ ይሆን ነበር። ማርጂን ላይ ሾርት ለመሸጥ ቢያንስ 2,000 ዶላር የራስ ገንዘብ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የሽያጩን ግማሽ ማስያዝ አለ። የሱ ግማሽ 1,140 ነው፤ 2,640 ስለነበረው አፑ ሳይጠይቀው አሳለፈው። ብዙ ሰው አካውንት ሲከፍት ሳያነብ "እሺ፣ እሺ" እያለ ነው ማርጂን የሚገባው።

ሳይዘጋ በቆየ ቁጥር ሌላም ወጪ አለ። አንደኛ የብድር ኪራይ። በብዛት የሚገኝ አክሲዮን ከሆነ ሳንቲም ነው፤ እንደ ልብ የማይገኝ ከሆነ ግን በዓመት አሥር ቤት ፐርሰንት ሊገባ ይችላል። ሁለተኛ ዲቪደንድ። ኩባንያው በመሀል ትርፍ ቢያከፋፍል ለአበዳሪው የሚከፍለው ወንድምሽ ነው። በአንድ አክሲዮን 30 ሳንቲም ቢሆን 18 ዶላር ከኪሱ ይወጣል። ሶስተኛ፣ አበዳሪው አክሲዮኔን መልሱ ካለ ብሮከሩ ሳያማክረው በዕለቱ ዋጋ ገዝቶ ሊመልስ ይችላል። ያንን መብት ውሉ ላይ ፈርሞላቸዋል።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ሳይከፈት፣ ብሮከሩ ጋ ይደውል። ቻት ላይ አይጻፍ፣ ስልክ ይደውል። የሆነውን እንዳለ ይንገራቸው። ኪሳራውን ይሸፍኑልኛል ብሎ ግን አይጠብቅ፤ ትዕዛዙን ያስቀመጠው እሱ ነው። ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሰኞውኑ ከተዘጋ እዳው ገብስ ነው።

የማርቆሷ

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የበቆሎው ምሳሌ ገብቶታል። "እንዲህ ከሆነማ የሰው እህል ነው የሸጥኩት" አለኝ። ገንዘቡን አልነካም ብሏል።

ጥያቄ፦ ዳሞት

እሺ፣ ተሳስቼ ከሆነ ተምሬያለሁ። ግን ይሄ ነገር እኛ አገርስ አለ? የምጠይቀው ምክንያት ስላለኝ ነው። አባታችን የባንክ አክሲዮን ትተው አርፈዋል። ታላቅ ወንድሜ ወራሽነት ሳናወጣ ለአንድ ሰው ሊሸጥ ተስማምቶ ቀብድ ተቀብሏል። እኛ ታናናሾቹ አልፈረምንም።

መልስ፦ ጣና ዳር

ነፍስ ይማር። የአንተ ነገር ከሷ ይልቅ ሊያሳስብህ ይገባል።

ገበያው እኛም ጋ ተከፍቷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ወጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ በጥር 2017 ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። የአንተ ጉዳይ ግን ገበያ አይደለም፣ መዝገብ ነው። የባንክ አክሲዮን በስም ነው የሚያዘው። ከአባትህ ስም ወደ ወራሾች፣ ከወራሾች ወደ ገዢ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ካልዞረ ገዢው ባለቤት አይሆንም። ባንኩ ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሳያይ አያዞርም።

ወንድምህ እንግዲህ ገና የሱ ያልሆነውን፣ የእናንተንም ድርሻ ጨምሮ ሸጧል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። 50,000 ብር ተቀብሎ ከሆነ 100,000 ማለት ነው። ሁለት መንገድ አላችሁ። ሁላችሁም መሸጡን ከፈለጋችሁ ቶሎ ወራሽነቱን አውጡና፣ ገዢውን ጊዜ ጠይቁት፤ ጊዜውንም በጽሑፍ አድርጉት። ካልፈለጋችሁ ወንድምህ ገዢውን አግኝቶ በሽማግሌ ይነጋገር። ብዙ ሰው ዋናውን ተቀብሎ እጥፉን ይተዋል፤ ግን የሚተወው በፈቃዱ ነው እንጂ እጥፉን መጠየቅ መብቱ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ወረቀቱን ይይላችሁ።

መልስ፦ የቡሬው ነጋዴ

ዳሞት፣ ቀብዱን ወንድምህ እንዳይበላው። ሳይነካ ይቀመጥ።

የማርቆሷ፣ ሰኞ ማታ

ተዘግቷል! ገበያው ሳይከፈት ደወለ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ሌላ የቀረ ትዕዛዝ እንደሌለ አየችለት። የዲቪደንድ ቀንም ቅርብ እንዳልሆነ ነገረችው። ገበያው እንደተከፈተ 60 በ40.20 ገዛ። 2,412 ከፍሎ የቀረው 2,508 ነው። ከራሱ 2,640 ላይ 132 ዶላር ሄደበት ማለት ነው። ማርጂኑንም አጥፉልኝ ብሏቸዋል። አሁን ለቆርቆሮው መላክ ይችላል?

መልስ፦ የደጀን ልጅ

ደስ ብሎኛል። ዛሬ አይላክ። ከሜይ 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዚህ ርክክብ ከግብይቱ በኋላ ባለው የሥራ ቀን ነው። የዛሬው ግዢ ነገ ማክሰኞ ይጠናቀቃል። ነገ ማታ "ሊወጣ የሚችል" የሚለውን ቁጥር ይይ፤ ከላይ ያለውን ትልቁን አይደለም። የብድር ኪራዩም ዘግይቶ ሊቆረጥ ስለሚችል ትንሽ ይተውበት። በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ 1099-ቢ የሚባል፣ የዓመቱን ሽያጭ ለታክስ የሚዘረዝር ወረቀት ሲመጣለት ደግሞ ይቺ የ132 ዶላር ኪሳራ ለብቻዋ መውጣቷን አይቶ ለታክስ ሠሪው ይስጥ።