ባልየው ለብቻው የነገረኝን ምስጢር ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦
አዲስ አበባ ውስጥ የትዳር አማካሪ ነኝ። የባለጉዳዮቼን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ ቀይሬ ነው የምጽፈው። ባልየው ሌላ ሴት ይዞ ሚስቱ ደረሰችበት፤ ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸውና ወደ እኔ መጡ። አምስት ጊዜ አብረው ከተቀመጡ በኋላ ለየብቻ አነጋገርኳቸው። እሱ ገና ወንበሩን ሳይዝ «አልተውኳትም» አለኝ። በማግስቱ እሷ መጣች፤ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች እየፈታች «የሦስት ወር መርፌዬን ትቻለሁ፣ ልጅ እንሞክር ተባብለናል» አለችኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሐሙስ ሁለቱም ይመጣሉ። ለብቻ የሚነገረኝን እንዴት እንደምይዘው በመጀመሪያው ቀን አላስፈረምኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ የሐሙሱን አራዝመሽ መጀመሪያ እሱን ለብቻው ጥሪው። ለሚስቱ አንቺ መንገር አትችዪም። የአሜሪካ የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስቶች ማኅበር ደንብም አንደኛው ለብቻው የተናገረውን ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ለሌላኛው ማውጣትን ይከለክላል። እያወቅሽ አብረሽ ማስመሰልም ግን አትችዪም። «ወይ እኔ ባለሁበት ራስህ ንገራት፣ ወይ የጋራውን ምክር አቆማለሁ» በይውና ቀን ቁረጪለት። ብታቆሚ የውሸት ምክንያት አትስጫት። እሱ ሲቆጣ እጁን የሚያነሳ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የእሷን ደኅንነት አስቢ።

መልስ 2፦
ነርስ ነኝ። ልጅ ካሰቡ ሁለቱም ይመርመሩ፤ ኤችአይቪ ብቻ ሳይሆን ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ የኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ አዲስ የተያዘን ሰው እስከ ሦስት ወር ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ሌላዋን ካልተወ ዛሬ «ነጻ» መባሉ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

መልስ 3፦
እኔ በዚያች ሴት ቦታ ነበርኩ። አማካሪያችን ለወራት እያወቀ «እየተሻላችሁ ነው» ይለኝ ነበር። ባሌን ውሎ አድሮ ይቅር አልኩት። አማካሪውን ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳየው እሻገራለሁ። እባክሽ፣ እንደዚያ አታድርጊያት።

ጠያቂዋ፦
ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን እህት መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ትናንት እሱን አነጋገርኩት። ብዙ ተከራከረ፤ «ትፈታኛለች» አለ። የልጁን ነገር ግን ራሱ አነሳና ዝም አለ። ማክሰኞ ሊነግራት ተስማምቷል። ከእነሱ በኋላ የነበረውን ቀጠሮ ሰርዣለሁ፤ ስታለቅስ ሰዓት አልቋል ማለት አልፈልግም።