«አቋራጭ እንጂ መንገድ አያውቅም» የተባለው ልጅ

የኮልፌው፦
ትናንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንድ አባት «ያሁን ልጅ አቋራጭ እንጂ መንገድ አያውቅም» ብለው ጀመሩ። ካርታ የያዙት ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳኑን በሌሊት የተከለው፣ ወንበር የተሸከመው፣ ሻይ ሲያዞር ያመሸው ማን ሆነና? ያው አቋራጭ የሚወደው ልጅ! ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ እስካሁን ግን ያቃጥለኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሰውየው ምን አጠፉ? 34 ዓመት አስተምሬያለሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፤ በዓመቱ ደግሞ 3.2። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃው ሲቀር ጉዱ ወጣ። ይሄ አቋራጭ ካልሆነ ምን ይባላል?

ሜሪ ሰሚት፦
ጋሼ፣ እኔ ስፈተን መልሱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈልን ፈታኙ ነው። ኮፍያ ያደረገ፣ ትልቅ ሰው። አቋራጩን እኛ አልቆፈርነውም፤ ተጠርጎ ጠበቀን።

ጡረተኛው መምህር፦
በአንድ ሰው ሁሉን መምህር አትጨፍልቂ።

ሜሪ ሰሚት፦
እርስዎ በአንድ ፈተና ትውልድ ሲጨፈልቁስ?

የኮልፌው፦
😂 ደግሞ በዚያው ዓመት ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ አላሳለፈም። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ነው እንበል። ትምህርት ቤቱ ከነአጥሩ ሲወድቅስ?

ከቨርጂኒያ፦
ሰበብ! እዚህ ሁለት ሥራ እሠራለሁ፣ በቀን አምስት ሰዓት ብተኛ ነው። እዚያ ያለው ወጣት ቲክቶክ ላይቭ ላይ ተቀምጦ «አንበሳ ልቀቁልኝ» እያለ በገንዘብ የሚገዛ ስጦታ ይለምናል።

ሜሪ ሰሚት፦
ወንድሜ፣ አንበሳውን የሚለቅለት የመርካቶ ተሸካሚ መሰለህ እንዴ? እናንተው ናችሁ። ለማኙን ሰደብክ፣ መጽዋቹን ዘለልከው።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ ለቅቄ አላውቅም።

የኮልፌው፦
እሺ፣ ጎረቤትህን ጠይቀው።

ዜሮ ዓመት፦
እኔ ወጣት ነኝ፣ ግን መምህር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሰፈራችን ያለው ቤቲንግ ቤት ሲዘጋ ጓደኞቼ ወደ ስልክ ዞሩ እንጂ አልተዉም። የማውቀውን አልክድም። ግን «መንገድ» የምትሉት የት ጋ እንደሚጀምር አሳዩኝ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆሜ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ስፈልግ ጫማዬ አለቀ። ኮንዶሚኒየም? የ2005ቱ ምዝገባ ሲካሄድ 3ኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የ20/80 ምዝገባ አልተከፈተም። በ9 ዓመቴ መቆጠብ ነበረብኝ?

ጡረተኛው መምህር፦
እኛም አልጋ በአልጋ አልነበረንም። በ78 ስመደብ ጎሬ ነው የላኩኝ። ክረምት ሲገባ ከጭቃው ጋር ስንታገል ነበር።

ዜሮ ዓመት፦
ጋሼ «ስመደብ» አሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
አዎ፣ ስመደብ። ምን ችግር አለው?

ዜሮ ዓመት፦
ምንም። እስቲ ይድገሙልኝ፣ ደስ ይላል። ሥራ ሰውን የሚፈልግበት ዘመን!

ከቨርጂኒያ፦
ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ አይሾፍም። ይሄው፣ ስርዓት የሚባል የለም።

ሜሪ ሰሚት፦
ጭብጥ ሲያልቅ ስርዓት ይመጣል 🙄

ጡረተኛው መምህር፦
ተዉት፣ አልተቀየምኩም። የማየውን ነው የምናገረው። ሰርቪስ ቤቴን የተከራየኝ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ መብራቱ አይጠፋም፤ ስልክና ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ያድራል። ቀን ይተኛል። ይሄ ኑሮ ነው?

የኮልፌው፦
ለውጭ ሰው እየሠራ ቢሆንስ? እዚያ ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው። ኪራዩን በጊዜ ይከፍላል?

ጡረተኛው መምህር፦
መክፈሉንስ ይከፍላል። ሲገባም የስድስት ወር በአንዴ ነው የሰጠኝ።

ሜሪ ሰሚት፦
ቆይ ቆይ። ስድስት ወር? የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል እኮ።

ዜሮ ዓመት፦
አቋራጭ!!!

የኮልፌው፦
ወይኔ ድንኳኑ ውስጥ በነበሩ 😂😂

ጡረተኛው መምህር፦
ፈቅዶ ነው የሰጠኝ፤ ማንም አላስገደደውም።

ሜሪ ሰሚት፦
እኛም ያ ፈታኝ ፈቅዶ ነው የጻፈልን።

ከቨርጂኒያ፦
ከርዕሱ ወጣችሁ። ወሬው ስለ ወጣቱ ነው።

ዜሮ ዓመት፦
የከፈለው ወጣት አይደለም እንዴ? ጋሼ፣ ውሉን ወረዳ አስመዝግበዋል?

ጡረተኛው መምህር፦
ተመዝግቧል።

ዜሮ ዓመት፦
ስንት ወር ተብሎ?

ጡረተኛው መምህር፦
ይሄ ከትምህርት ጥራት ጋር ምን አገናኘው?