የተሰራጨ ዳታቤዝ የስልተ ቀመር ውጤት ነው ወይስ የመሥሪያ ቤት ባህል?

ጥያቄ (ጠያቂው፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ባለሙያዎች ብቻ ባሉበት አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ባለፉት ሳምንታት አማዞን እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ዳይናሞ፣ ጉግል ደግሞ በ2012 ስለ ስፓነር ያወጧቸውን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳነብ ቆየሁ። ሁለቱም መረጃን በብዙ ሰርቨሮችና በተለያዩ ዳታ ሴንተሮች አሰራጭተው የሚያስቀምጡ ሥርዓቶች ቢሆኑም፣ የደረሱበት መደምደሚያ ተቃራኒ ነው ለማለት ይቻላል። ዳይናሞ ደንበኛው በግዢ ጋሪው ላይ ዕቃ ሊጨምር ሲል በምንም ምክንያት «አይቻልም» ላለማለት፣ የመረጃው ቅጂዎች ለጊዜው ሳይስማሙ እንዲቆዩ ይፈቅዳል፤ በዚህም የተነሣ ደንበኛው ያወጣው ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ጋሪው ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ጽሑፉ ራሱ ሳይሸሽግ ይናገራል። ስፓነር ግን የግብይቶቹ (ማለትም በዳታቤዙ ላይ የሚደረጉት የመረጃ ለውጦች) ቅደም ተከተል በዓለም ዙሪያ አንድ ወጥ እንዲሆን ሲል፣ የሰርቨሮቹን ሰዓት በትክክል ለማስማማት በየዳታ ሴንተሩ የጂፒኤስ መቀበያና የአቶሚክ ሰዓት እስከ መትከል ደርሷል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበውን፣ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ ያረጋገጡትን ሐሳብ አውቃለሁ፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ከመረጃ ወጥነትና ካልተቋረጠ አገልግሎት አንዱን መምረጥ ግድ ይላል። ይሁን እንጂ ሁለት ብርቱ ኩባንያዎች አንዱ ይህን፣ ሌላው ያንን የመረጡበት ምክንያት በሒሳቡ ውስጥ አይገኝም። ታዲያ ምርጫውን የወሰነው የየቤቱ የአሠራር ባህል ነው? ከሆነስ እኛ ዳታቤዝ ስንመርጥ የሠሪውን ባህል ጭምር መመርመር ይኖርብናል?

መልስ 1 (ከሲያትል)

ከዚህ ከተማ የክላውድ አገልግሎት በመሥራት ከሚተዳደሩ በርካታ ያገር ልጆች አንዱ ነኝ፤ የምጽፈው ግን በይፋ የታወቀውን ብቻ ነው።

የዳይናሞ ታሪክ የሚጀምረው ከስልተ ቀመር ሳይሆን ከቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ የአማዞን ሽያጭ በፍጥነት ሲያድግ ይጠቀሙበት የነበረው የንግድ ዳታቤዝ አቅሙ ወደ ጫፍ ደረሰ። በዚያን ጊዜ መሐንዲሶቹ ሌላ ትልቅ ዳታቤዝ ለመግዛት ከመሯሯጥ ይልቅ ባለው ዳታቤዝ ላይ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚቀርብ መረመሩ፤ የአማዞን የቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ ዋርነር ቮግልስ በኋላ እንደጻፈው ከጥያቄዎቹ 70 በመቶ ያህሉ በአንድ ቁልፍ አንድ ረድፍ ብቻ የሚያወጡ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ሥራ የዳታቤዙ አብዛኛው ችሎታ ትርፍ ሸክም ነበር፤ ስለዚህ ጣሉት።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ብዙ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ይህን ክፍል አያውቀውም። ዳይናሞ በቴክኒክ ረገድ የተሳካ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው በአማዞን ውስጥ ብዙ ቡድኖች አልተጠቀሙበትም። ምክንያቱም በቤቱ ደንብ ሶፍትዌሩን የሠራ ቡድን ሌሊት ተነሥቶ የሚጠግነውም እርሱ ራሱ ነው፤ ዳይናሞን የመረጠ ቡድን ደግሞ ሰርቨሮቹን የመትከልና የመንከባከብ ሸክም አብሮ ይወርስ ነበር። መሐንዲሶቹ ችሎታው ውስን ወደሆነው ሌላ የአማዞን ዳታቤዝ፣ ወደ ሲምፕልዲቢ አዘነበሉ፤ እርሱን ሌላ ሰው ያንቀሳቅስላቸዋልና። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ለገበያ የቀረበው ዳይናሞዲቢ የተወለደው ከዚህ ትዝብት ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ውስጡ ከ2007ቱ ዳይናሞ የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ የመረጃ ክፍል አንድ መሪ ቅጂ አለው፣ መሪውም ብዙ ሰርቨሮች በአንድ ውሳኔ እንዲስማሙ በሚያደርገው በፓክሶስ ስልተ ቀመር ይመረጣል። በ2021 በአማዞን የቅናሽ ቀናት በሰከንድ እስከ 89.2 ሚሊዮን ጥያቄ አስተናግዷል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ «አዎ» ነው። ሌሊት የሚነሣው ሰው ማን እንደሆነ የሚደነግገው ባህል የምርቱን ቅርጽ ወስኗል።

መልስ 2 (የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር)

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን «ባህል» የሚለው ቃል የማይችለውን ሸክም እየተሸከመ ይመስለኛል።

ስፓነርን ተመልከቱ። የጉግል የማስታወቂያ ክፍል መረጃውን በብዙ ሰርቨሮች ላይ በእጅ በተከፋፈሉ፣ ማይኤስኪውኤል በተባለው የታወቀ ሶፍትዌር በሚሠሩ ዳታቤዞች ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ የመጨረሻውን ክፍፍል እንደገና ለማደላደል ከሁለት ዓመት በላይ እንደፈጀ ጽሑፉ ይናገራል። ገንዘብ የሚቆጠርበት መረጃ ነውና «ቅጂዎቹ በኋላ ይስማማሉ» የሚል መልስ አይበቃም፤ የግዢ ጋሪ ግን ይህን ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው በመጀመሪያ የመረጃው ጠባይ ነው። ቀጥሎ አቅም ነው፤ የስፓነር ሥርዓት የሰዓቱ ስህተት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ከጠበቀ በኋላ ብቻ ግብይቱን ይፋ ያደርጋል። ይህን ያህል ጠባብ ስህተት ለማግኘት የራስ ዳታ ሴንተር፣ የራስ ኔትወርክና የራስ ሰዓት ያስፈልጋል። ያለ ገንዘብ ባህል ብቻውን አቶሚክ ሰዓት አይገዛም።

በሌላ በኩል፣ የአማዞን መሐንዲሶች ከ2011 ጀምሮ ንድፎቻቸውን የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ሌስሊ ላምፖርት በፈጠረው ቲኤልኤ ፕላስ በተባለ የሒሳብ ቋንቋ ይመረምሩ ነበር። በዚህ ዘዴ በዳይናሞዲቢ ንድፍ ውስጥ መረጃ ሊያጠፋ የሚችል ስህተት ተገኝቷል፤ ወደ ስህተቱ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ 35 ተከታታይ እርምጃዎች ነበሩት። 35 እርምጃ በአእምሮ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። ሰነዱን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢያነቡት፣ ስብሰባውም የቱንም ያህል በመከባበር ቢካሄድ፣ ያን ስህተት ያገኘው ሒሳብና ማሽን እንጂ ውይይት አይደለም።

መልስ 3 (የቀድሞ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ)

ከመምህሩ ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ ሆኖም ሒሳቡ የሚጠብቀን ንድፉን ብቻ ነው፤ ከንድፉ ውጭ ያለውን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ስሠራ፣ ዋናው ሰርቨር በወደቀ ጊዜ አንድ ወጣት ባልደረባችን ሥራውን ወደ ሁለተኛው ቅጂ አዛወረው። ቅጂው ከዋናው ብዙ ደቂቃ ወደኋላ የቀረ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት በየትኛውም የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ አልነበረም። በነጋታው በተደረገው ስብሰባ ስለ ምልክቱ ያነሣ አልነበረም፤ ልጁ በሁላችን ፊት ተወቀሰ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈለት። ከዚያ ቀን በኋላ በእኛ ቤት «ስህተት ሠራሁ» የሚል ሰው ጠፋ፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ዝም ብሎ ማጥፋት የተለመደ ሆነ፤ እኔም አንድ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዳታቤዝም ይሠራል።

ይህን ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን ከሚያስቀምጡበት ከጊትሃብ ጋር አነጻጽሩት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2018 በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ዳታ ሴንተራቸው ከኔትወርኩ ማዕከል ጋር ለ43 ሰከንድ ተለያየ። በዚያች ቅጽበት አውቶማቲክ ሥርዓቱ የዋና ሰርቨርነቱን ሥልጣን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረ፤ ነገር ግን በምሥራቅ የተጻፈ፣ ወደ ምዕራብ ገና ያልደረሰ መረጃ ነበር። በምዕራብም አዲስ መረጃ መጻፍ ስለ ጀመረ ወደ ነበረበት መመለስ አልተቻለም። መሐንዲሶቹ አገልግሎቱ ቢጎዳም መረጃው እንዲተርፍ ወሰኑ፤ የ43 ሰከንዱ መቆራረጥ የ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ችግር ሆነ። ከዚያም ኩባንያው የሆነውን ሁሉ በሰዓት በሰዓት ጽፎ አወጣ፤ ሥራ ከሚበዛባቸው የዳታቤዝ ስብስቦች በአንዱ ላይ በዚያ ጊዜ ውስጥ 954 የመረጃ ጽሕፈቶች እንደተነኩ ሳይቀር ገልጿል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የአንድም ተወቃሽ ሠራተኛ ስም የለም። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ 954 የሚለውን ቁጥር የሚቆጥር ሰው እንኳ አይገኝም ነበር።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህሩ ነጥብ ገብቶኛል፤ የእኛም መረጃ የክፍያ መረጃ ስለሆነ ወጥነቱን መርጠናል። ዳታቤዙንም ራሳችን ከመትከል ይልቅ ከክላውድ አቅራቢ ለመከራየት ወስነናል። እንግዲህ ሌሊት የሚነሣው የእነርሱ ሰው ከሆነ ለእኛ ምን ይቀርልናል?

መልስ (ከሲያትል)

ብዙ ይቀርላችኋል። ኪራዩ የሰርቨር መውደቅን ይሸፍናል፤ ከእናንተ አንዱ በስህተት ሰንጠረዥ ቢሰርዝ ግን ስረዛውም በታማኝነት ወደ ሁሉም ቅጂ ይደርሳል። እንደ ጊትሃብ ያለ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ የደረሰበትን አንብቡ፤ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ደክሞት ሳለ ከሁለት ሰርቨሮች በተሳሳተው ላይ የመሰረዣ ትእዛዝ ሰጠ፤ ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) ሲፈለግ ደግሞ ዋነኛው የባክአፕ መውሰጃ መንገድ ከዳታቤዙ ሥሪት ጋር ባለመጣጣሙ ከነጭራሹ እንዳልሠራ ታወቀ፣ የውድቀቱ ማሳወቂያ ኢሜይልም ለማንም አልደረሰም። የተረፉት ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሰው በአጋጣሚ ለሌላ ሥራ በወሰደው ቅጂ ነው።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን፣ በተራ፣ ከስድስታችሁ አንዱ ባክአፑን ወደ ባዶ ሰርቨር መልሶ ይጫን፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀበትና የት ላይ እንደተደናቀፈም በአንድ ገጽ ይጻፍ። የመጀመሪያው ተረኛ የቡድኑ ኃላፊ ቢሆን ይመረጣል፤ እርሱ ሲደናቀፍ ያየ ጀማሪ የራሱን መደናቀፍ ለመጻፍ አይፈራም።

መልስ (የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር)

በዚህ አልከራከርም። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመለሱት መረጃ ትክክል መሆኑን በዓይን አይታችሁ አትለፉት። የሒሳቦቹን ጠቅላላ ድምር ከዋናው ዳታቤዝ ጋር የሚያስተያይ አጭር ፕሮግራም ጻፉና እርሱ ይፍረድ።