ከላፋየት ፓርክ እስከ ስቴት ዲፓርትመንት ሰላማዊ ሰልፍ፦ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?

የአዜብ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የሴቶች ማኅበራችን በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ለሚንገላቱ እህቶቻችን ድምፅ ለመሆን ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ሊጠራ አስቧል። ከኋይት ሀውስ ፊት ለፊት ካለው ላፋየት ፓርክ ተነስተን በእግር እስከ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር) ሄደን ደብዳቤ መስጠት ነው ሐሳባችን። ወደ 200 ሰው ይመጣል ብለን እንገምታለን። ከመካከላችን ሰልፍ አዘጋጅቶ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ደግሞ «የሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ካልገዛችሁ ማንም አይፈቅድላችሁም» ብሎ አስደነገጠን። ፈቃዱን የሚሰጠው ከተማው ነው ወይስ ፖሊስ? ስንት ይከፈላል? ስንት ጊዜ ቀድሞ ነው የሚጠየቀው? የምታውቁ ንገሩን።

ኬ ስትሪት
እንኳን አሰባችሁት እህቴ። መጀመሪያ የኢንሹራንሱን ድንጋጤ ላስወግድልሽ። ሰውየው ያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ፌስቲቫል፣ የጎዳና ላይ ሩጫ፣ መኪና አስጊጦ የሚካሄድ የበዓል ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው በከንቲባው ጽሕፈት ቤት የልዩ ዝግጅቶች ቡድን በኩል ያልፋል። እዚያ ወጪ አለ፣ ወረቀቱም ወራት ይፈጃል። የእናንተ ግን ሐሳብን ለመግለጽ የሚወጣ ሰልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ ሕግ ከተማው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰልፍ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል።

አሁን ወደ ዋናው። ዲሲ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚወሰነው የቆማችሁበት መሬት የማን እንደሆነ ነው። ላፋየት ፓርክ የከተማው አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። እዚያ ከ25 ሰው በላይ ከሆናችሁ ፈቃድ የግድ ነው። ከፓርኩ ወጥታችሁ አስፋልቱን ስትረግጡ ደግሞ የከተማው ፖሊስ ክልል ገባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ማመልከቻ አስገቡ። ከአንዱ ያገኛችሁት ወረቀት ለሌላው አይሠራም። ቨርጂኒያ አቬኑ ዙሪያ የምታዩአቸው ትናንሽ የሣር ሜዳዎች እንኳ ብዙዎቹ የፓርክ ሰርቪስ ናቸው። መንገድ ላይ ቆም ብላችሁ ንግግር ልታደርጉ ካሰባችሁ ቦታውን ለይታችሁ ማመልከቻው ላይ ጻፉት።

የፓርክ ሰርቪሱ ማመልከቻ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መግባት አለበት። እስከ አንድ ዓመት ቀድሞም ይቀበላሉ። ለሰልፍ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የሰልፍ ማመልከቻ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተከለከለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል ይላል ደንቡ። ላፋየት ውስጥ 3,000 ሰው ድረስ ስለሚፈቀድ በቁጥር አትጨነቁ። ግን ቀኑን አስቀድሞ የያዘ ቅድሚያ አለው። ዛሬ ነገ አትበሉ።

የአዜብ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እፎይ አልኩ። ቀኑን አስቀድሞ የያዘ ሌላ ቡድን ቢኖርስ? ደግሞ ለከተማው ፖሊስ ምን ብለን ነው የምንጽፈው?

ባለታክሲው
ላፋየት ከተያዘ ማክፈርሰን ስኩዌር አለላችሁ። ሁለት ብሎክ አይርቅም። የፌዴራሉ ደንብ እዚያ እስከ 500 ሰው ያለ ፈቃድ እንዲሰበሰብ ይፈቅዳል። መድረክ መሥራት ግን አይቻልም፤ ፈቃድ የያዘ ቡድን ከመጣም ቦታ ትለቃላችሁ።

ለፖሊስ የምትሰጡት ዋናው ነገር መንገዱ ነው። «ከላፋየት ወደ ስቴት ዲፓርትመንት» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። በኤች ስትሪት ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ በ21ኛው ጎዳና ወደ ደቡብ፣ መጨረሻው ሲ ስትሪት ላይ፣ እያላችሁ በየመታጠፊያው ዘርዝሩ። ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትጨርሳላችሁ፣ የመኪናውን መስመር ትፈልጋላችሁ ወይስ በእግረኛ መንገዱ ትሄዳላችሁ፣ ይህንን ሁሉ ጻፉ። 200 ሰው በእግረኛ መንገድ ላይ ይጨናነቃል፤ ሽማግሌና ሕፃን ስለሚኖር እኔ አስፋልቱን ጠይቁ ነው የምለው። ፖሊስ በሞተርና በመኪና ከፊትና ከኋላ ይዘጋላችኋል።

አስፋልቱ ባይሳካ ተስፋ አትቁረጡ። መብራት አክብሮ፣ ለሌላው እግረኛ መንገድ ሳይዘጋ በእግረኛ መንገድ የሚሄድ ሰልፍ በከተማው ሕግ አስቀድሞ ማሳወቅ እንኳ አይጠበቅበትም።

ቀኑንም አስቡበት። ቅዳሜ ብዙ ሰው ይወጣል ትላላችሁ። ግን ስቴት ዲፓርትመንት ቅዳሜ ዝግ ነው። ደብዳቤውን ለማን ልትሰጡ? ደግሞም ከኛ ሰው ስንቱ ነው ቅዳሜና እሑድ ታክሲና ፓርኪንግ የሚሠራ። ዓርብ ረፋዱ ላይ ብታደርጉት ይሻላል። ሰዎቹ በመስኮት ያዩአችኋል። ደብዳቤውን የሚቀበል ሰው እንዲወጣላችሁ ግን አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀት አይቀበልም።

ኗሪ 22204
የሰልፍ ዕቃ ላይ እኔ ልጨምር። ኋይት ሀውስ አጥር ሥር ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ፎቶ መነሳታችሁ አይቀርም። እዚያ መፈክር የሚጻፍበት ካርቶን ወይም ጨርቅ ብቻ ነው። የሚያዘው እንጨት ውፍረቱ በሁሉም ጎኑ ከሦስት አራተኛ ኢንች መብለጥ የለበትም። የመጥረጊያ እንጨት ይዞ የሚመጣ ሰው ስለማይጠፋ ቀጫጭን እንጨት አስቀድማችሁ ገዝታችሁ አከፋፍሉ። ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር ካላችሁ ማመልከቻው ላይ ይግባ።

ቲሸርት አሳትማችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ አይሆንም። መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ በራሪ ወረቀት፣ የደረት ቁልፍና የመኪና ላይ ማጣበቂያ ብቻ ነው የሚሸጠው። ቲሸርቱን ቀድማችሁ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሽጡና ሰው ለብሶት ይምጣ።

የአዜብ እናት
ቲሸርቱን በእርግጥ አስበን ነበር፤ ተባረክ ወንድሜ። አንድ የከበደኝ ነገር አለ። ከአባሎቻችን አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቀው የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። «ስሜ ማመልከቻ ላይ ከገባ ጉዳዬ ይበላሻል» እያሉ ፈርተዋል። ምን ልበላቸው?

የሕግ ቢሮ ሠራተኛ
ፍርሃታቸው የሚያስቅ አይደለም፤ በደንብ ስሟቸው። ሰላማዊ ሰልፍ መውጣት ለዜጋ ብቻ የተሰጠ መብት አይደለም። ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረውም የአስተባባሪው ስምና ስልክ እንጂ የሰልፈኛው ዝርዝር አይደለም። ስለዚህ ዜግነት ያላት አንዲት አባል ትፈርም። ጉዳዩ ያልተቋጨለት ሰው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ። የሚያስፈራው ሰልፉ ሳይሆን ግርግር ተነስቶ መታሰር ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አስተናባሪ ነው። ለየሃያው ሰው አንድ አስተናባሪ መድቡ፤ ደማቅ ሰደርያ ይልበሱ፤ ፖሊስ ሲናገር የሚመልስ አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

የሰልፉን ዓላማ ቢጠይቋችሁ በአንድ መስመር መልሱ። በይዘቱ ምክንያት መከልከል አይችሉም። ይህ መብት በደም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በርሚንግሃም፣ አላባማ ጥቁር አሜሪካውያን ፈቃድ ተነፍገው በስቅለት ቀን ወጡ፤ ታሰሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ፍርዱን ሻረው፤ ባለሥልጣን ደስ ሲለው የሚሰጠው ሲከፋው የሚከለክለው ፈቃድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ።

ፒያሳ
እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። እኛም በዚያው ቀን ብንወጣ ደስ ይለናል። እዚህ ያለውን የሚያውቅ አለ?

ኬ ስትሪት
አዋጅ ቁጥር 3/1983ን አንብቡ። ከ48 ሰዓት በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል፦ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስም። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ከኤምባሲ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከኤምባሲ በር ላይ እንቆማለን ብላችሁ አታቅዱ። በተግባር ደብዳቤው መልስ አጥቶ የሚቀርበት ጊዜ አለና በሁለት ቅጂ ውሰዱት። አንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስመትታችሁ ያዙ። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ በአደራ ላኩትና ደረሰኙን አስቀምጡ።

የአዜብ እናት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ማኅበራችን ይሰበሰባል፤ ፈራሚዋን እዚያው እንመርጣለን። ሰኞ የፓርክ ሰርቪሱን ማመልከቻ አስገብተን ቀኑ ሲረጋገጥልን ለፖሊስ እንጽፋለን።

ባለታክሲው
ተይ እህቴ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስገቡ። ፖሊስ ሌላ ሰልፍ በዚያ መንገድ ካለው ሰኞውኑ ብታውቁት ይሻላል። በራሪ ወረቀቱን ግን ሁለቱም ሳይመልሱ አታትሙ። መምጫው ፋራገት ዌስት፣ መመለሻው ፎጊ ቦተም ባቡር ጣቢያ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ይግባ። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ፓርኪንግ አያገኝም።